ባርኔጣዬን ነፋስ እንዳይወስደው ያደረግኩት

ነፋስ ባርኔጣ የሚወስደው ፊት ለፊት ገፍቶ አይደለም። ከክፈፉ ሥር ሾልኮ ይገባና ወደ ላይ ያነሣዋል፤ የሚገፋው ከተነሣ በኋላ ነው። ነፋሻ ቀን ላይ ሳልሳቀቅ ባርኔጣዬን መድፋት የጀመርኩት ይህን ካስተዋልኩ ወዲህ ነው። የማደርገው ፌዶራ የሚባለውን ዓይነት ነው፤ ከፌልት፣ ማለትም ከታመቀ የእንስሳ ፀጉር የተሠራ፣ አናቱ ሰርጎድ ያለ፣ ወገቡ በሪባን የተከበበ፣ ዙሪያውን 6 ሴንቲ ሜትር ገደማ ክፈፍ ያለው። ከዚህ በታች የምጽፈው ሁሉ ራሴ የሞከርኩትና እስካሁንም የምሠራበት ነው። ሆምበርግ፣ ትሪልቢ፣ ፓናማ ወይም ሌላ ክፈፍ ያለው ባርኔጣ ለምታደርጉም አብዛኛው ይሠራላችኋል።

ባርኔጣው እየበረረ ያስቸገረው ሰው መጀመሪያ የሚመጣለት ሐሳብ «ጠበብ ያለ ልግዛ» የሚል ነው። እኔ ማንንም ወደዚያ አልመክርም። የራስ ቅል ወደ ላይ እየጠበበ የሚሄድ ስለሆነ ጠባብ ባርኔጣ ወርዶ አይቀመጥም፤ የሚበቃው ቦታ እስኪያገኝ ድረስ ወደ ላይ ይወጣል። እዚያ ላይ ሆኖ ግንባር ቢጨቁንም፣ ቀይ መስመር ቢያወጣም፣ የያዘው ነገር የለም። ተንጠልጥሎ ነው ያለው፤ ክፈፉም ከፍ ስለሚል ነፋስ የሚገባበት ቦታ ይሰፋል። ራስ ምታቱ ደግሞ ትርፍ ነው።

በልኩ የሆነ ባርኔጣ ከቅንድብ አንድ ሁለት ጣት ከፍ ብሎ፣ ከጆሮ በላይ ሆኖ፣ ከኋላ ደግሞ ከማጅራት በላይ እስካለችው የራስ ቅል ጉብታ ድረስ ወርዶ ይቀመጣል። ያቺ ጉብታ ትልቅ ባለውለታ ናት። ጣታችሁን ከማጅራታችሁ ወደ ላይ ብታስኬዱ ታገኟታላችሁ። የባርኔጣው የኋላ ጠርዝ እሷን አልፎ ትንሽ ከወረደ፣ ነፋስ ከፊት ሲያነሣው ከኋላ ጉብታዋ ላይ ይያዛል። ስለዚህ ባርኔጣ ስመርጥ ከስፋቱ እኩል የማየው የአናቱን ጥልቀት ነው። አናቱ ጥልቅ ካልሆነ ባርኔጣው በልኩ ቢሆን እንኳ ራስ ላይ ጣል እንደተደረገ ነው የሚቆየው። ትሪልቢ የሚባሉት ብዙዎቹ እንዲህ ናቸው፤ ክፈፋቸው አጭር በመሆኑ ነፋስ የሚይዝበት ቦታ ቢያንስም፣ አናታቸው አጭር ስለሆነ የሚይዙት ራስም ትንሽ ነው።

ልክን ለማወቅ የልብስ ሰፊ ሜትር ይበቃል። ባርኔጣው በሚያርፍበት መስመር፣ በግንባር መካከል፣ ከጆሮ በላይ፣ በጉብታዋ ላይ አዙሮ መለካት ነው። የእኔ 58 ሴንቲ ሜትር ነው፤ በአሜሪካኖቹ ቁጥር 7 1/4 ይሆናል። የፀጉር ርዝመት ልኩን እንደሚለውጥ አትርሱ። ፀጉሬን አሳጥሬ በተቆረጥኩ ሰሞን ያው ባርኔጣ ሰፋ ይለኛል፤ ሲያድግ ደግሞ ይሞላል። ለዚህ ብሎ ሌላ ባርኔጣ መግዛት አያስፈልግም፤ መፍትሔውን ወደ ታች እነግራችኋለሁ።

ብዙ ሰው የማያስበው ነገር የራስ ቅርጽ ነው። ሁለት ሰዎች እኩል 58 ሴንቲ ሜትር ሆነው የአንዱ ራስ ክብ፣ የሌላው ከፊት ወደ ኋላ ረዘም ያለ ሊሆን ይችላል። ፋብሪካዎች ባርኔጣን የሚቀርጹት መካከለኛ በሆነ ሞላላ ቅርጽ ነው። የእኔ ራስ ረዘም ያለ ስለሆነ ማንኛውም አዲስ ባርኔጣ ግንባሬንና የኋላዬን ይጨብጥና በሁለቱ ጆሮ ግንዶቼ በኩል ክፍተት ይተዋል። መስታወት ፊት ቆሜ ከጎን ብርሃን ሳበራ በውስጡ ቆዳና በራሴ መካከል ብርሃኑ ሲያልፍ ይታየኛል። ነፋስ የሚፈልገው ይህንኑ ነው። ከጎን ሲነፍስ በዚያች ክፍተት ይገባና አናቱን ከውስጥ ይሞላዋል፤ ባርኔጣው ያኔ የሚቋቋምበት አቅም አይኖረውም። እንግዲህ ቁጥር መቀየር ለዚህ ምንም አይፈይድም። ክፍተቱን መሙላት ነው የሚሻለው።

የምሞላው እንዲህ ነው። በባርኔጣው ውስጥ ዙሪያውን የተሰፋ ቆዳ አለ፤ ላብ የሚይዘውና ራስን የሚነካው እሱ ነው። ቆዳውን ወደ ውጭ ስትገለብጡት ከፌልቱ ጋር የተሰፋው በታችኛው ጠርዙ ብቻ እንደሆነ ታያላችሁ፤ ከበስተኋላው ኪስ የመሰለ ባዶ ቦታ አለ። እዚያ ውስጥ ቀጭን የስፖንጅ ጥብጣብ አስገባለሁ፤ ወርዱ ከአንድ ሴንቲ ሜትር ብዙ የማይበልጥ፣ ውፍረቱ ሦስት ሚሊ ሜትር ያህል። አንድ ፊቱ የሚጣበቅ ዓይነት ከተገኘ መልካም ነው፤ የሚጣበቀውን ፊት ወደ ፌልቱ ሳይሆን ወደ ቆዳው ጀርባ አደርገዋለሁ፤ ኋላ ሲነሣ ፌልቱን እንዳይነቅለው። ራሳቸው ረዘም ያለ ሰዎች ሁለት አጫጭር ቁራጮችን ግራና ቀኝ ያስገቡ። ራሳቸው ክብ የሆነ ደግሞ ክፍተቱ ፊትና ኋላ ስለሚሆን እዚያ ያድርጉት። ባርኔጣው ዙሪያውን እኩል ከሰፋ ብቻ ነው ሙሉ ዙር ማስገባት ያለባችሁ። ስፖንጅ እስኪገኝ ድረስ ጋዜጣ በርዝመቱ ደጋግሞ አጥፎ መጠቅጠቅም ይሠራል፤ የቆየ ዘዴ ነው። ላብ ሲነካው ስለሚሟሽሽ ግን ቶሎ ቶሎ መቀየር ይፈልጋል።

በልኩ መሆኑን የማረጋግጠው ከቤት ሳልወጣ ነው። ባርኔጣውን ደፍቼ ከወገቤ አጎነብሳለሁ፤ ፊቴ መሬት ሲያይ ራሴን ቀስ ብዬ ግራና ቀኝ አወዛውዛለሁ። ካልወደቀ አንደኛው ፈተና አልፏል። ቀጥሎ አመልካች ጣቴን በውስጡ ቆዳና በግንባሬ መካከል አስገባለሁ። ጣቴ በትንሽ ግፊት ከገባ ልክ ነው። ሁለት ጣት ከገባ ሰፊ ነው፤ አንዱም አልገባ ካለ ጠባብ ነው። ጣቱን በጆሮ ግንድ በኩልም፣ በኋላም መሞከር ያስፈልጋል፤ ክፍተቱ የት እንዳለ የሚታወቀው ያኔ ነው።

የውስጡ ቆዳ ንጹሕ መሆን አለበት። ቆዳ ከግንባር ሙቀት ሲያገኝ ለስለስ ብሎ ይይዛል፤ በቅባትና በላብ ሲቆሽሽ ግን ይንሸራተታል። ግንባሬን ቅባት ከተቀባሁ ወይም ፀጉሬ ላይ ቅባት ከበዛ ያን ቀን ባርኔጣው እንደወትሮው እንደማይቀመጥ አውቃለሁ። እርጥብ ብሎ የተጨመቀ ጨርቅ አልፎ አልፎ በቆዳው ላይ ማስኬድና በጥላ ማድረቅ ይበቃዋል።

አሁን ወደ ነፋሱ ልሂድ። የነፋስ ግፊት የሚያድገው በፍጥነቱ ልክ አይደለም፤ ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ግፊቱ አራት እጥፍ ይሆናል። ይህን በራሴ ባርኔጣ አስልቼዋለሁ። ሚዛን ላይ ሲቀመጥ 120 ግራም ነው። የክፈፉ ስፋት ደግሞ ዙሪያው ሁሉ ሲደመር 460 ካሬ ሴንቲ ሜትር ገደማ ይመጣል። በሰዓት 18 ኪሎ ሜትር የሚነፍስ ነፋስ በሙሉ ከክፈፉ ሥር ቢገባ የሚያነሣው 70 ግራም ያህል ነው፤ ባርኔጣው በክብደቱ ብቻ ይቋቋመዋል። ነፋሱ 36 ኪሎ ሜትር ሲደርስ ግን ያው ክፈፍ 280 ግራም የሚያነሣ ኃይል ያገኛል፤ ከባርኔጣው ክብደት ከሁለት እጥፍ በላይ። በዚህ ላይ አየሩ በጎበጠው አናት ላይ ሲያልፍ ስለሚፈጥን ከላይ የሚጫነው ግፊት ይቀንሳል፤ ባርኔጣው ከላይም ይሳባል ማለት ነው። በተግባር ነፋሱ በሙሉ ከሥር ስለማይገባ ቁጥሩ ያንሳል፤ ቢሆንም ጸጥ ባለ ቀን ፍጹም የተመቸ ባርኔጣ ትንሽ ነፋስ ሲጨመር ድንገት ለምን እንደሚነሣ ያስረዳል። ክፈፉ በሰፋ ቁጥርም ነገሩ ይብሳል። ነፋስ የሚበዛበት ቦታ የምትኖሩ ከሆነ ከ5 እስከ 6 ሴንቲ ሜትር ያለ ክፈፍ በቂ ነው እላለሁ፤ 8 እና 9 ሴንቲ ሜትር ያለው ለፀሐይ ግሩም ነው፣ ለነፋስ ግን ያለ ማሰሪያ አይሆንም።

የነፋሱን ኃይል ለመገመት መሣሪያ አያስፈልግም። የብሪታንያ ባሕር ኃይል መኮንን የነበረው ፍራንሲስ ቦፎርት እ.ኤ.አ. በ1805 ያዘጋጀው መለኪያ እስከ ዛሬ ይሠራበታል፤ ለየብስ የተስማማው መግለጫው ዓይን በሚያየው ነገር የተጻፈ ነው። አቧራና የወደቀ ወረቀት የሚያነሣ፣ ትንንሽ ቅርንጫፎችን የሚያወዛውዝ ነፋስ 4 ቁጥር ነው፤ በሰዓት ከ20 እስከ 28 ኪሎ ሜትር። ቅጠል የለበሱ ትንንሽ ዛፎች መወዛወዝ ሲጀምሩ 5 ቁጥር ነው፤ ከ29 እስከ 38። ትልልቅ ቅርንጫፎች ሲንቀሳቀሱና ጃንጥላ መያዝ ሲያስቸግር 6 ቁጥር፤ ከ39 እስከ 49። ዛፍ ሁሉ ሲወዛወዝና ነፋሱን ተቃርኖ መሄድ ሲከብድ 7 ቁጥር ነው፤ ከ50 እስከ 61።

እኔ ጠዋት በመስኮት ዛፎቹን አያለሁ። እስከ 4 ቁጥር ድረስ በልኩ የሆነ ባርኔጣ ክፈፉ በትክክል ከታጠፈ ብቻውን ይበቃል። 5 ቁጥር ላይ ክሩን (አሁን እደርስበታለሁ) ከኮቴ ጋር አያይዛለሁ። 6 ቁጥር ላይ ክሩም እጄም ያስፈልጋሉ። 7 ቁጥር ላይ ባርኔጣዬን አላወጣም፤ ያን ቀን የሹራብ ቆብ ነው የማደርገው።

ክፈፉን በተመለከተ ብዙ ሰው ሳያውቅ ነፋሱን ይጋብዛል። ፌዶራ አብዛኛውን ጊዜ ከፊት ወደ ታች፣ ከኋላ ወደ ላይ ታጥፎ ይደረጋል። ይህ ለነፋስም ጥሩ ነው፤ ከፊት የሚመጣ ነፋስ ወደ ታች ያጎነበሰውን ክፈፍ ሲያገኘው ከሥር አይገባም፤ ከላይ ሆኖ ይጫነዋል። ባርኔጣውን የሚያነሣው ነፋስ ያኔ ባርኔጣውን የሚይዝ ይሆናል። ፊቱን ወደ ላይ አጥፎ፣ ግንባር ከፍቶ የሚያደርግ ሰው ግን ነፋሱን እየተቀበለ ነው የሚሄደው። ስለዚህ ነፋስ ፊት ለፊት ሲመጣ የፊቱን ክፈፍ ዝቅ አድርጉ፤ አገጫችሁንም ወደ ደረታችሁ ጥቂት አቅርቡ። ብዙ ማጎንበስ አያስፈልግም፤ የክፈፉ ጫፍ ከግንባሩ መስመር ዝቅ እስካለ ድረስ ይበቃል።

ነፋሱ ከኋላ ሲሆን ሌላ ነው። ያው ወደ ላይ የታጠፈው የኋላ ክፈፍ ነፋሱን ይይዝና ባርኔጣውን ወደ ዓይን ይገፋዋል፤ ገፍቶም አያቆምም፣ በግንባር ላይ ይገለብጠዋል። በእንዲህ ያለ ጊዜ የኋላውንም ክፈፍ ወደ ታች አወርደዋለሁ። ጥሩ ፌልት ይህን በቀላሉ ይቀበላል፤ በሁለት እጅ ጣቶች ጠርዙን ይዞ ቀስ ብሎ መገልበጥ ነው። ሙሉ ዙሪያው ወደ ታች የወረደ ባርኔጣ መልኩ ትንሽ ይለወጣል፤ እኔ ግን እወደዋለሁ፣ ዝናብም ከአንገት ይከላከላል። ከጎን ለሚመጣ ነፋስ ደግሞ ባርኔጣውን ነፋሱ ወደሚመጣበት ወገን ጥቂት ዘንበል ማድረግ ይረዳል። ለስላሳና ስስ ክፈፍ ያለው ባርኔጣ ግን የቱንም ያህል ብታጥፉት ነፋሱ ራሱ ወደ ላይ ይገለብጠዋል። ልትገዙ ስትሉ የክፈፉን ጠርዝ በሁለት ጣት ይዛችሁ አወዛውዙት፤ የሚርገበገብ ከሆነ ነፋስ አይችልም።

ይህን ችግር ከሥሩ ለመፍታት ተብሎ የተሠራ ባርኔጣም አለ። ቦውለር የሚባለው ጠንካራው ክብ ባርኔጣ እ.ኤ.አ. በ1849 ለንደን ውስጥ ሲሠራ የታዘዘው በርስት ላይ የሚታደኑትን እንስሳት ለሚጠብቁ ፈረሰኛ ዘበኞች ነበር። ቀድሞ የሚያደርጉትን ረጅም ባርኔጣ ቅርንጫፍ እየመታ ይጥልባቸው ስለነበር፣ ዝቅ ያለ፣ ራስን ጠበቅ አድርጎ የሚይዝ፣ ክፈፉ አጭርና ጠንካራ የሆነ ተሠራላቸው። ዝቅ ያለ ቁመት፣ አጭርና የማይርገበገብ ክፈፍ፣ ራስን በደንብ የሚይዝ አናት፤ ለነፋስም የሚያስፈልገው ይኸው ነው።

ነፋስ ቀኑን ሙሉ እኩል አይነፍስም፤ ባርኔጣ የሚወሰደውም በተወሰኑ ቦታዎች ነው። ረጅም ሕንፃ ሲያጋጥመው ነፋሱ በሕንፃው ፊት ወደ ታች ይወርዳል፤ ማዕዘኑን ሲዞር ደግሞ ይፈጥናል። ስለዚህ በግድግዳ ጥላ ሥር ጸጥ ብሎ ሲሄድ የቆየ ሰው ማዕዘኑን ባለፈበት እርምጃ ከጎን ይመታል። እኔ ማዕዘን ከመድረሴ በፊት እጄን አነሣለሁ፤ ካለፍኩ በኋላ ማንሣት ዋጋ የለውም። ድልድይ ላይ ነፋስ ከሥርም ይመጣል። የምድር ባቡር ጣቢያ ውስጥ ባቡሩ ሳይታይ አየሩን እየገፋ ይመጣል፤ ከዋሻው ቀዝቃዛ አየር ፊቴን ሲነካኝ ባርኔጣዬን እይዛለሁ። የመኪና መንገድ ዳር ትልቅ የጭነት መኪና ሲያልፍ መጀመሪያ ይገፋል፣ ካለፈ በኋላ ደግሞ ይስባል፤ ባርኔጣውን የሚወስደው አብዛኛውን ጊዜ ሁለተኛው ነው፤ ሰው መኪናው አለፈ ብሎ እጁን ባወረደበት ቅጽበት።

አያያዙም ራሱን የቻለ ነገር ነው። ብዙ ሰው የአናቱን የፊት ስርጉድ በሁለት ጣት ቆንጥጦ ይይዛል። ያ ቦታ የባርኔጣው ደካማ ቦታ ነው፤ ፌልቱ እየሳሳ ይሄድና ይቀደዳል፤ ፓናማና ሌሎች ከገለባ የተሠሩት ደግሞ እዚያው ላይ ይሰነጠቃሉ። እኔ መዳፌን ዘርግቼ አናቱ ላይ አሳርፋለሁ፤ ወይም የፊቱን ክፈፍ ከላይ በአውራ ጣት፣ ከሥር በሁለት ጣት ይዤ ወደ ታች ሳብ አደርገዋለሁ። ነፋሱ ሲበረታ ሁለተኛው ይሻላል፤ የሚገባበትን በር ይዘጋል።

ወደ ክሩ ልምጣ። ከሁሉ በላይ የጠቀመኝ እሱ ነው፤ ዛሬ በሚሸጡ ባርኔጣዎች ላይ እምብዛም አለማየቴም ይቆጨኛል። በድሮ ፌዶራዎች ላይ በሪባኑ ላይ የሚዞር ቀጭን ክር ነበር፤ ጫፉ ላይ ትንሽ ቁልፍ አለችው። ነፋስ በሌለ ቀን ቁልፏ ከሪባኑ ጎን ትያያዛለች፤ ሰው ጌጥ ነው ብሎ ያልፋታል። ነፋስ ሲነሣ ክሩ ይፈታና ቁልፏ በኮቱ ኮሌታ ላይ ባለው የቁልፍ ቀዳዳ ትገባለች። ባርኔጣው ከራስ ቢነሣ ክሩ ይይዘዋል፤ ትከሻ ላይ ወይም ደረት ላይ ተንጠልጥሎ ይቀራል። መንገድ ውስጥ መሮጥ የለም፣ መኪና ሥር መግባት የለም።

እኔ የራሴን ሠርቻለሁ፤ የሚፈጀውም አንድ ምሽት ነው። የሚያስፈልገው ከሪባኑ ቀለም ጋር የሚሄድ ጠንካራ የተፈተለ ቀጭን ክር፣ አጭር ክብ ላስቲክ፣ ትንሽ ቁልፍ፣ መርፌና የስፌት ክር ነው። ላስቲኩን በአናቱ ሥር፣ በሪባኑ ላይ አዙሬ ሳላጠብቅ እቋጥረዋለሁ፤ በጣም ከጠበቀ ፌልቱን ይሸበሽበዋል። አናቱ ወደ ላይ እየጠበበ ስለሚሄድ ላስቲኩ ሲሳብ ሾልኮ መውጣት ይፈልጋል። ስለዚህ በግራው ጎን፣ የሪባኑ ቋጠሮ ባለበት፣ በኋላና በቀኝም በኩል በትንንሽ ስፌት ከሪባኑ ጋር አያይዘዋለሁ። መርፌው ሪባኑን ብቻ እንዲይዝ ተጠንቀቁ፤ ፌልቱን መብሳት አያስፈልግም። ሪባኑ ራሱ ከፌልቱ ጋር በጥሩ ሁኔታ መሰፋቱን በጣት ሳብ አድርጎ ማየት ይገባል፤ በሙጫ ብቻ የተያዘ ከሆነ መጀመሪያ እሱን መስፋት ነው።

ከዚያ የማይለጠጠውን ክር ከላስቲኩ ጋር በግራው ጎን አስራለሁ። ይህኛው ለምን ላስቲክ እንዳልሆነ የሚጠይቁኝ አሉ። ረጅም ላስቲክ ባርኔጣውን ከነፋሱ ጋር ይለቀውና መልሶ ወደ ፊት ያስፈነጥረዋል፤ ክፈፉ ዓይን ሊመታ ይችላል። የማይለጠጥ ክር ግን ባለበት ያቆመዋል። ርዝመቱን የምወስነው ባርኔጣውን ደፍቼ፣ ኮቴን ለብሼ፣ ራሴን ወደ ሁለቱም ወገን እስከ መጨረሻው እያዞርኩ ነው። ከባርኔጣው እስከ ኮሌታው ቀዳዳ ያለውን የሚረዝመውን ርቀት እወስድና አራት ጣት እጨምርበታለሁ። ካጠረ ራስ ባዞራችሁ ቁጥር ባርኔጣውን ይጎትታል፤ ከረዘመ ነፋሱ ባርኔጣውን እያንገላታ ከፊት ጋር ያጋጨዋል። ቁልፏ በቀዳዳው በቀላሉ የምትገባ፣ ግን ዝም ብላ የማትወጣ መሆን አለባት። ኮት በማልለብስበት ቀን ክሩን በሸሚዜ ላይኛ ቁልፍ ላይ አዙሬ አስረዋለሁ። ክሩን አንገት ላይ መጠምጠም ግን ፈጽሞ አይገባም፤ ብስክሌት ላይ ወይም በር ላይ ቢያዝ አደጋ ነው።

የአገጭ ማሰሪያ ሌላው መንገድ ነው። ሰፊ ክፈፍ ላላቸው የገጠርና የጉዞ ባርኔጣዎች ከዚህ የተሻለ የለም። ሁለቱ ጫፎች ከውስጡ ቆዳ ሥር ወጥተው ከአገጭ በታች በምትንሸራተት ማጥበቂያ ይገናኛሉ። አገጭ ላይ ማድረግ የማይወድ ማሰሪያውን ወደ ኋላ፣ ከጉብታዋ በታች ሊያደርገው ይችላል፤ ለመካከለኛ ነፋስ ይበቃል፣ ከፊትም አይታይም። ሲጎተት በራሱ የሚላቀቅ ማያያዣ ያለውን ምረጡ፤ በተለይ ለልጆች።

ረጅም ፀጉር ላላቸው ደግሞ የባርኔጣ ስፒል አለ። ስፒሉ ባርኔጣውን ከጎን በስቶ ይገባል፣ ተሰብስቦ የታሰረ ፀጉር ውስጥ ያልፋል፣ መልሶ በባርኔጣው ይወጣል። ጸንቶ የሚይዘው ፀጉሩ ስለሆነ አጭርና ለስላሳ ፀጉር ላይ አይሠራም። ሹል ጫፉ ላይ መሸፈኛ መኖሩን አረጋግጡ። በ20ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ላይ የሴቶች ባርኔጣ ስፒል ከመርዘሙ የተነሣ አላፊ አግዳሚውን ይወጋ ስለነበር በአንዳንድ የአሜሪካ ከተሞች ርዝመቱን የሚገድብ ሕግ እስከ መውጣት ደርሷል። ስፒል መጠቀም ለማትፈልጉ፣ ከውስጡ ቆዳ ጋር ግራና ቀኝ የተሰፋ ቀጭን ላስቲክ ከፀጉር ሥር ወደ ኋላ ማሳለፍ ተመሳሳይ ሥራ ይሠራል፤ ቀለሙ ከፀጉሩ ጋር ከተስማማ አይታይም።

የገለባ ባርኔጣ ከፌልት ስለሚቀል ሁሉንም ጥንቃቄ አንድ ደረጃ ቀደም ብሎ መጀመር ይሻላል። ፓናማዬን 4 ቁጥር ላይ ነው በክር የማያይዘው።

ባርኔጣው ከሄደ ደግሞ መጀመሪያ መንገዱን እዩ፤ የትኛውም ባርኔጣ መኪና ፊት መግባት አያዋጣም። ባርኔጣ በክፈፉ ቆሞ ሲንከባለል ቀጥ ብሎ አይሄድም፤ ወደ አንድ ወገን እየታጠፈ ይዞርና ይወድቃል። ከኋላው ተከትሎ መዝለል እግር ሥር ያስገባዋል። በጎን ቀድሞ ነፋሱ ወደሚሄድበት አልፎ መጠበቅ፣ ሲደርስ በእግር ሳይሆን በእጅ ወይም በቦርሳ ማቆም ነው።

ጭቃ ከነካው እርጥቡን አትፈትጉት፤ ወደ ውስጥ ይገባል። ሲደርቅ ለስላሳ ብሩሽ ይዞ ከሰዓት አቆጣጠር በተቃራኒ እየዞሩ መቦረሽ ያነሣዋል። የተጎዳ ቅርጽ ካለ በሚፈላ ውሃ እንፋሎት ላይ ትንሽ ይዞ በጣት መመለስ ይቻላል። ውሃ የጠጣ ባርኔጣ ግን ምድጃና ፀሐይ ላይ አይደርቅም፤ የውስጡ ቆዳ ይኮማተርና አንድ ቁጥር ያህል ይጠባል፤ ከዚያ በኋላ ወደ ላይ እየወጣ ያስቸግራል። ቆዳውን ወደ ውጭ ገልብጣችሁ፣ ባርኔጣውን በቆዳው ላይ አቁማችሁ፣ ክፈፉ ምንም ሳይነካ በክፍል ሙቀት አድርቁት። ሲደርቅ ቆዳውን መልሱና የጣቱን ፈተና በግንባር፣ በጎንና በኋላ እንደገና ሞክሩ፤ ስፖንጁ ላይ መቀነስ ወይም መጨመር ካስፈለገ ጊዜው ያኔ ነው።